የኤክስኤምኤል ሰነዶችን በክላውድ የሃርድዌር ደኅንነት ሞጁል በዲጂታል መፈረም

የኤክስኤምኤል (መረጃን በታግ፣ ማለትም በምልክት ለይቶ የሚጽፍ የጽሑፍ ቅርጽ) ሰነድን በክላውድ የሃርድዌር ደኅንነት ሞጁል መፈረም ሁለት ቦታ ላይ የሚከናወን ሥራ ነው። የሚፈረመውን ክፍል ለይቶ፣ ሀሹን (ከይዘቱ የሚሰላውን አጭር አሻራ) አስልቶ ሰነዱን የሚያዘጋጀው የፈራሚው ድርጅት ፕሮግራም ሲሆን፣ በግል ቁልፉ (ለፈራሚው ብቻ በሆነው ምስጢራዊ ቁጥር) ፊርማውን የሚያሰላው ደግሞ በክላውድ አቅራቢው የመረጃ ማዕከል ውስጥ የተቀመጠና ቁልፉን ከውስጡ የማያስወጣ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በአጭሩ ኤችኤስኤም ይባላል።

አሠራሩ በብዛት የሚታየው ሰው በእጁ ሳይሆን ሥርዓቶች ቀኑን ሙሉ ሰነድ በሚፈርሙባቸው መስኮች ነው። የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በብራዚል የዕቃ ሽያጭ ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ በኤክስኤምኤል ተዘጋጅቶ፣ በአገሪቱ የይፋዊ ቁልፍ መሠረተ ልማት ሥር በተሰጠ ሰርተፊኬት (ቁልፉ የማን እንደሆነ በሚያረጋግጥ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ) ይፈረማል። ከሰርተፊኬቶቹ ኤ1 የሚባለው፣ ቁልፉ እንደ ተራ ፋይል ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥና ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ነው፤ ኤ3 ግን ቁልፉ በቶከን (ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ትንሽ የቁልፍ መያዣ)፣ በስማርት ካርድ ወይም በኤችኤስኤም ውስጥ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ፋይል በቀላሉ ይቀዳል፤ ቶከን ደግሞ ከተሰካበት ማሽን ውጭ አያገለግልም። ሰርቨሮቹን ወደ ክላውድ ያዛወረ ድርጅት ቶከን የሚሰካበት ቦታ ስለሌለው፣ ቁልፉን በተራ ፋይል ማስቀመጥ ካልፈለገ የክላውድ ኤችኤስኤም ዋና አማራጩ ይሆናል።

የፊርማው ቅርጽ የሚመራበት መስፈርት የድር መስፈርቶችን በሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 የጸደቀው የኤክስኤምኤል ፊርማ ምክረ ሐሳብ ሲሆን፣ የተሻሻለው 1.1 እትም በ2013 ወጥቷል። በመስፈርቱ መሠረት ፊርማው በሰነዱ ውስጥ ሊካተት፣ ሰነዱን ራሱን በውስጡ ሊይዝ ወይም ከሰነዱ ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል። በሦስቱም ዓይነት አሠራሩ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ የሚፈረመው እያንዳንዱ ክፍል ሀሹ ተሰልቶ፣ የሀሽ ዋጋው ሳይንድኢንፎ በተባለው ኤለመንት (በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ የተከበበ የሰነድ ክፍል) ውስጥ ይጻፋል፤ ቀጥሎም የሳይንድኢንፎ የራሱ ሀሽ ተሰልቶ በግል ቁልፉ የሚፈረመው ያ ነው። ስለዚህ ሰነዱ መቶ ሜጋባይት ቢሆንም እንኳ፣ ሻ-256 በተባለው የሀሽ ስልት ወደ ክላውዱ የሚላከው 32 ባይት ብቻ ነው። ይህ ለምስጢር ጥበቃ ይጠቅማል፤ ለመፈረም ሲባል የሰነዱ ይዘት ወደ ኤችኤስኤሙ አይላክም። የዚያኑ ያህል ኤችኤስኤሙ ምን እየፈረመ እንደሆነ አያውቅም። ቁልፉ እንዳይሰረቅ ይጠብቃል እንጂ የሰነዱን ትክክለኛነት አይመሰክርም፤ ብዙ ድርጅቶች መሣሪያውን ከገዙ በኋላ የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

ከሁለቱ ደረጃዎች በፊት ካኖኒካላይዜሽን የሚባል ሥራ አለ። አንድ ዓይነት ትርጉም ያለው የኤክስኤምኤል ሰነድ በብዙ መልክ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ከሀሽ ስሌቱ በፊት ወደ አንድ ወጥ መልክ ይመለሳል፦ ጽሑፉ ወደ ዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ ይቀየራል፣ አትሪቢዩቶች (በታግ ውስጥ የሚጻፉ ተጨማሪ መግለጫዎች) በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፣ ባዶ ኤለመንቶች በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ ይጻፋሉ። በኤለመንቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታና የመስመር ስብራት ግን እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ከተፈረመ በኋላ ለዓይን እንዲያምር ተብሎ መስመሮቹ የተስተካከሉለት ሰነድ ፊርማው ይፈርሳል። የፊደላት መተካካትም ምሕረት የለውም፤ በአማርኛ ሰነድ «ዓለም» ተብሎ የተፈረመውን «አለም» ብሎ ያረመ፣ ወይም አራት ነጥቡን በሁለት ተከታታይ ሁለት ነጥብ የተካ ሰው፣ ለአንባቢ ምንም ያልለወጠ ቢመስልም ለሀሹ ሌላ ሰነድ ሠርቷል።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ ኤችኤስኤሞች የሚመዘኑት በአብዛኛው ፊፕስ በተባለው የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት ነው፤ 140-2 እ.ኤ.አ. በ2001፣ ተተኪው 140-3 ደግሞ በ2019 ወጥተዋል። ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው መሣሪያው ሊከፈት ሲሞከር ለይቶ ምስጢራዊ ቁልፎቹን እንዲያጠፋ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ታላላቅ የክላውድ አቅራቢዎች የሚያቀርቡት በዚህ ደረጃ የተረጋገጡ መሣሪያዎችን ነው። አማዞን ክላውድኤችኤስኤምን እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግልም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው። መሣሪያው ለአንድ ደንበኛ ብቻ ተለይቶ ሊመደብ ወይም በብዙ ደንበኞች መካከል በጋራ ሊያገለግል ይችላል። የመጀመሪያው ሙሉ የቁልፍ ባለቤትነት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ የአስተዳዳሪነት የይለፍ ቃሉ ሁሉ ከጠፋም ቁልፎቹን አቅራቢው መልሶ ሊያገኛቸው አይችልም። ለመካከለኛ ድርጅት በጋራ የሚሠራው በቂ ይመስላል።

ፕሮግራሙ ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው ፒኬሲኤስ 11 በተባለው የቆየ መገናኛ ወይም በአቅራቢው የድር ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ) በኩል ነው። አብዛኛው የፕሮግራም ባለሙያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በፒኬሲኤስ 11 ተራው የአርኤስኤ (አንዱ የፊርማ ስሌት) ዘዴ ከተመረጠ፣ ሀሹ በየትኛው ስልት እንደተሰላ የሚገልጹትን መነሻ ባይቶች ማስቀደም የጠሪው ፕሮግራም ኃላፊነት ነው፤ ያለ እነሱ መሣሪያው ያለ ቅሬታ ይፈርማል፣ ተቀባዩ ግን ፊርማውን አይቀበለውም። ኢሲዲኤስኤ በተባለው ሌላ የፊርማ ስሌት ደግሞ የኤክስኤምኤል መስፈርቱ ሁለቱ የፊርማ ቁጥሮች ተከታትለው እንዲጻፉ ያዛል፤ ይህም ፒ-256 በተባለው የስሌቱ ከርቭ 64 ባይት ይሆናል። የአማዞንና የጉግል የቁልፍ አስተዳደር አገልግሎቶች ግን ዴር በተባለ የመረጃ አጻጻፍ ደንብ ተጠቅልሎ ይመልሱታል፣ የማይክሮሶፍቱ የቁልፍ አገልግሎት ኪ ቮልት ደግሞ ቁጥሮቹን እንዳሉ ይሰጣል። ለአንዱ አቅራቢ የተጻፈ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዛወር የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የአማዞን የቁልፍ አስተዳደር አገልግሎት ሙሉ መልእክት ሲላክለት ከ4096 ባይት በላይ ስለማይቀበል፣ ብዙ ክፍሎችን የሚጠቅስ ሳይንድኢንፎ በሀሽ መልክ መላክ ይኖርበታል።

ቁልፉ ከመሣሪያው የማይወጣ ከሆነ አጥቂ የሚፈልገው ቁልፉን ሳይሆን መሣሪያውን የማዘዝ ፈቃድ ነው። የፈራሚውን ሰርቨር የተቆጣጠረ ሰው ቁልፉን ሳይሰርቅ የፈለገውን ሰነድ ማስፈረም ይችላል። በመሆኑም የፊርማ ፈቃድ ለአንድ የተለየ አካውንት ብቻ መሰጠቱ፣ ቁልፍ የመሰረዝ ሥልጣን ከመፈረም ሥልጣን መነጠሉ፣ የክላውዱ የጥሪ መዝገብም ድርጅቱ በራሱ ከመዘገባቸው የተፈረሙ ሰነዶች ጋር በየጊዜው መመሳከሩ ከመሣሪያው ደረጃ የማይተናነስ ክብደት አለው።

በተቀባዩ በኩል ያለው ታዋቂ አደጋ ፊርማ መጠቅለል የሚባለው ጥቃት ነው። አጥቂው የተፈረመውን ክፍል ሳይነካ ወደ ሌላ የሰነዱ ቦታ አዛውሮ፣ በቀድሞው ቦታ የራሱን ይተካል፤ ፊርማው ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ ፕሮግራሙ የሚያነበው ግን ያልተፈረመውን ነው። የጀርመኑ የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ ዘዴ በአማዞን ክላውድ መቆጣጠሪያ ላይ አሳይተዋል፤ በ2012 ደግሞ ከመረመሯቸው 14 የሳምል (የተጠቃሚን ማንነት በኤክስኤምኤል የሚያስተላልፍ መስፈርት) ሥርዓቶች 11ዱ ተጋላጭ ሆነው አግኝተዋቸዋል። የትኛውም ኤችኤስኤም ይህን አይከላከልም።

በሕግ ረገድ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 910/2014 ብቁ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ከእጅ ፊርማ እኩል ያደርገዋል፤ ቁልፉ በርቀት ሲያዝም ፈራሚው ብቻውን እንደሚቆጣጠረው መረጋገጥ አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ዛዴስ የተባለው የኤክስኤምኤል ፊርማ ቅጥያ የፈራሚውን ሰርተፊኬት ሀሽ ከሚፈረሙት ነገሮች ጋር ያካትታል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ መሠረት የጣለ ሲሆን፣ የሥር ሰርተፊኬት ሰጪነቱን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ሰጥቷል።

ሰርተፊኬት ጊዜው ስለሚያልፍ፣ ለዓመታት የሚቀመጥ ሰነድ ፊርማው በተሰጠበት ቀን የጸና እንደነበር የሚያሳይ የጊዜ ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተሙን የሚሰጠው ሌላ አካል ነው፤ እሱም በራሱ ቁልፍ ስለሚፈርም የእሱም ሰርተፊኬት ከማለፉ በፊት ሌላ ማኅተም ይደረብበታል።