ፀረ አይጥ ግንባታ ምንድን ነው?

ፀረ አይጥ ግንባታ የሚባለው አይጥ የምትሾልክበት ቀዳዳም ሆነ ጥርሷን የምታሳርፍበት ጠርዝ የሌለው ቤት መሥራት፣ የተሠራውንም በዚሁ መንገድ ማደስ ነው። መርዝና ወጥመድ ዛሬ ቤት ውስጥ ያሉትን ይቀንሳሉ። ቀዳዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ ግን የጎረቤትና የቦይ አይጥ የተለቀቀውን ቦታ ቶሎ ትይዘዋለች። ብዙ ቤተሰብ በየዓመቱ መርዝ እየገዛ ያልተገላገለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ፤ የላይኛውና የታችኛው እየተፋተጉ፣ ነገርም እየጋጠች ታሳጥራቸዋለች። የጥርሷ ገለፈት ከመዳብና ከአሉሚኒየም ይጠነክራል። ስለዚህ እንጨት፣ ቺፕውድ፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጭቃ፣ ፎም፣ ገና ያልጠነከረ የሲሚንቶ ቡኬት ሳይቀር ትበሳለች። ሆኖም ሰፊና ልሙጥ ገጽ ላይ ጥርሷ መያዣ አያገኝም። መጋጥ የምትጀምረው ከጠርዝ፣ ከስንጥቅ ወይም አስቀድሞ ካለ ቀዳዳ ነው። የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው ሙሉውን ብረት መሆን የለበትም፣ ጠርዙና መጋጠሚያው ግን መጠንከር አለበት።

መጠኑን እንወቅ። ትንሿ የቤት አይጥ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ በሰፋ ክፍተት ታልፋለች፤ ለትልቋ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃታል። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል ብሎ መያዝ ነው። የትኛዋ እንደገባች ከኩሷ ይታወቃል፦ የትንሿ የሩዝ ፍሬ ያህላል፣ የትልቋ ከ1 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

በእኛ አገር ቤት ዋናው በር ጣራው ነው። የቆርቆሮው ሞገድ ከግድግዳው አናት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከእያንዳንዱ እብጠት ሥር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል። አናጺው ሞራሌውን አሳምሮ ቢመታም ይህ ክፍተት አይዘጋም፤ አይጧ በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በገመድ ወጥታ በእሱ በኩል ኮርኒስ ውስጥ ትገባለች። ብዙዎች በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲለጠጥ፣ ማታ ሲሰበሰብ ግን ድፍኑ ይሰነጠቅና ይረግፋል፤ ኮርኒሱም አየር ያጣል። የተሻለው ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጋልቫናይዝድ የሽቦ ወንፊት በሞገዱ ቅርጽ ቆርጦ፣ ታችኛውን ጫፍ እንጨቱ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መምታት ነው። የዶሮ አጥር ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ትንሿን አይጥ አይመልስም። የፕላስቲክ ወንፊት ደግሞ የትንኝ እንጂ የአይጥ መከላከያ አይደለም። ወደ ጣራ የተጠጋ ቅርንጫፍም ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል እንዲርቅ ይቆረጥ።

ኮርኒስ ውስጥ የገባች አይጥ ትልቁ አደጋ የምትበላው እህል ሳይሆን የምትልጠው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። መብራት ሲቆራረጥ ኤሌትሪሺያኑ ይወቀሳል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ። ገመዱን በፕላስቲክ ኮንዲዩት (የገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) ማሳለፍ ያዘገያታል፣ አያቆማትም። የተላጠ ገመድ ከተገኘ በቴፕ ጠቅልሎ መተው እሳት መጋበዝ ነውና ያ ክፍል ይቀየር።

የብሎኬት ቤት አይበሳም ይባላል፤ ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። የላይኛው ረድፍ በቢም ወይም በኮንክሪት ካልተዘጋ አይጧ ከጣራ ወርዳ በግድግዳው ሆድ ውስጥ እስከ ሶኬት ሳጥኑ ትደርሳለች። የመስኮት ደፍና ቱቦ ያለፈበት ቦታም እንዲሁ ነው። የጭቃ ቤት ችግሩ ከታች ነው፦ ጭዱ ሲበሰብስ፣ ማገሩ ሲላላ ሥሩ ይቦረቦራል። ከመሬት እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ክፍል ወንፊት ሽቦ መትቶ፣ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር አቡክቶ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መለሰን ይጠቅማል። ሽቦው ከቀረ ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር ስለማይዋደድ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። አዲስ ለሚሠራ ደግሞ መሠረቱን 60 ሳንቲ ሜትር ማውረድ ነው። ነባሩ ቤት ላይ ይህ ስለማይቻል ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት መራመጃ ማፍሰስ ይተካዋል።

በር ሥር ያለው ክፍተት ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የእንጨት በር ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ላሜራ ይለበጥና በታችኛው ጠርዝ ዞሮ ይታጠፍ፤ ፊቱን ብቻ ለብጠው ጠርዙን ከተዉት የምትጀምረው ከዚያው ነው። መቃኑም ላሜራ ይፈልጋል።

ቱቦና ገመድ የሚያልፉበት ቀዳዳ በፎም ብቻ ሲደፈን በአንድ ሌሊት ይከፈታል። መጀመሪያ የሽቦ ወንፊት ተጠቅልሎ በደንብ ይጠቀጠቅ፣ ከላዩ ሲሚንቶ ይለሰን። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ለጊዜው ይሠራል፤ እርጥበት ካለ ግን ይዝግና ይበናል። አዲሱን ልስን እስኪጠነክር በቆርቆሮ ቁራጭ ከልሉት።

የእህል ጎተራ የራሱ መላ አለው። እግሮቹ 1 ሜትር ከፍ ይበሉ፤ በየእግሩ ላይ ከጎተራው ወለል ሥር ዙሪያውን 25 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ፣ እንደተደፋ ማጥለያ የወረደ ላሜራ ይታሰር። መሰላል ወይም የማገዶ ክምር ከተደገፈበት ግን መከላከያው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ማታ ዱቄት ወይም አመድ ወለሉ ላይ ነስንሶ ጠዋት ኮቴዋን መከተል መንገዷን ያሳያል። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ከውጭ ይዘጋሉ፣ አንዱ ብቻ በወረቀት ተወትፎ ይቆያል። በዚሁ ጊዜ ወጥመዶች ማጥመጃ ጫፋቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ከ1 ይልቅ 6 እና 7 ሆነው በአንድ ሌሊት ይጠመዱ። ወረቀቱ ሳይነካ 3 ቀን ከቆየ ያም ይደፈናል። መርዝ ግን ኮርኒስ ውስጥ አይቀመጥ፤ ሞታ ስትሸት ቺፕውዱን መገንጠል ሊያስፈልግ ነው፣ የተመረዘችውን የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች።

ኩሷን በደረቁ አይጥረጉ፤ አቧራው በሽታ ያስተላልፋል። 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጦ ማራስ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በጓንት በጨርቅ ማንሳት ነው።