ድምፁ ያነሰ ካርትሪጅ ሁሉ አልተበላሸም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ለሚተዳደር ሰው፣ ሸክላ ማጫወቻ ታቅፎ የሚመጣ ደንበኛ ምን እንደሚል አስቀድሞ መገመት አያስቸግርም፤ «ካርትሪጁ ሞቷል» ይላል። ካርትሪጅ የሚባለው መርፌውን የያዘውና የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጠው ትንሽ ክፍል ነው። ካርትሪጁ ግን ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የማይጣጣመው የተሰካበት ፎኖ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የካርትሪጁን ደካማ ሲግናል ወደ አምፕሊፋየሩ ከመግባቱ በፊት የሚያሳድገው መሣሪያ ነው። በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ድምፁ ካነሰ ቮልዩም መጨመር፣ ያ ካልበቃ ባለ ትልቅ ዋት አምፕሊፋየር መግዛት ነው።» ከሁሉ የሚያሰለቸኝ ይህ ነው፤ ሰዎችን ለከንቱ ወጪ የሚዳርገውም ይኸው ነው። ዋት አምፕሊፋየሩ እስከ ምን ድረስ ኃይል መስጠት እንደሚችል ይገልጻል እንጂ ትንሽ ሲግናልን ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ አይናገርም። መርፌው ማግኔት የሚያንቀሳቅስበት፣ ሙቪንግ ማግኔት የሚባለው የተለመደው ካርትሪጅ 5 ሚሊቮልት ገደማ ያመነጫል፤ 40 ዴሲቤል፣ ማለትም 100 እጥፍ ጌይን (ሲግናልን የማሳደግ አቅም) ያለው ፕሪአምፕ ይህን ወደ ግማሽ ቮልት ያደርስለታል። በሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ ግን መርፌው የሚያንቀሳቅሰው ጥቅልል ሽቦውን ራሱን ስለሆነ፣ ክብደቱ እንዲቀንስ ዙሩ ጥቂት ይደረጋል፤ ዙሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ያንሳል። ለምሳሌ ዴኖን ዲኤል-103 የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ይህ በ100 እጥፍ ቢያድግ 30 ሚሊቮልት ነው፤ በ60 ዴሲቤል፣ ማለትም በ1000 እጥፍ ሲያድግ ግን 300 ሚሊቮልት ይሆናል።

አንድ ጡረተኛ መምህር ይህንኑ ካርትሪጅ የተገጠመለት ማጫወቻ ልጃቸው ከአሜሪካ ልካላቸው፣ ድምፁ አልወጣ ሲላቸው አምፕሊፋየራቸውን በትልቅ ለውጠው ነበር። ሲያመጡልኝ ቮልዩሙ ጥግ ደርሷል፤ ከሙዚቃው ጎልቶ የሚሰማው ሽሽታው ነው። «ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩን እንርሳውና ፕሪአምፑን ገልብጠን እንየው» አልኳቸው። ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ስዊቾች 40 ላይ ነበሩ። ኤሌክትሪኩን አጥፍተን፣ ቮልዩሙን ወደ ዜሮ መልሰን፣ ስዊቾቹን ወደ 60 ስናዞራቸው ያው የድሮ ሸክላ ከነሳክስፎኑ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሽሽታው የበዛው ቮልዩም ሲጨመር ከሙዚቃው ጋር የፕሪአምፑ የራሱ ጫጫታም አብሮ ስለሚያድግ ነው፤ 0.3 ሚሊቮልት ደግሞ ከ5 ሚሊቮልት በ24 ዴሲቤል ገደማ ስለሚያንስ ለጫጫታው በዚያው ልክ ይቀርባል።

«እንግዲያው ጌይን በበዛ ቁጥር ይሻላል።» አይሻልም። 5 ሚሊቮልት የሚሰጠውን ካርትሪጅ 60 ዴሲቤል ላይ ብትሰኩት ስሌቱ 5 ቮልት ይደርሳል፤ ሸክላው ከፍ ባለ ድምፅ የተቀረጸበት ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ ድምፁም ይሰነጠቃል።

«ሙቪንግ ኮይል ሁሉ ደካማ ነው።» ሁሉም አይደለም፤ 2 ሚሊቮልት ገደማ የሚሰጡ ስላሉ በተለመደው የሙቪንግ ማግኔት መግቢያ ይሠራሉ። ከመግዛታችሁ በፊት በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሚሊቮልት ቁጥር አንብቡ።

«በፕሪአምፑ ላይ ያለውን የኦም ቁጥር ዝቅ ካደረጉት ድምፁ ይጨምራል።» ኦሙ ጌይን አይደለም፤ ፕሪአምፑ በካርትሪጁ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት ነው፤ ሲቀነስ ድምፁም ይቀንሳል። እንደ ዲኤል-103 የውስጥ ሬዚስታንሱ 40 ኦም የሆነ ካርትሪጅ በ100 ኦም ላይ ሲሰካ 3 ዴሲቤል ገደማ ያጣል። የካርትሪጁን ኦም 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ጭነት ጥሩ መነሻ ነው።

«አንድ ፎኖ ፕሪአምፕ ካልበቃ ሁለተኛ መቀጠል ነው።» ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፎኖ ፕሪአምፕ ያንን መልሶ ያስተካክላል፤ ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ሲደረግ ባሱ ያብጣል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። የጌይን ስዊች የሌለው የሙቪንግ ማግኔት ፕሪአምፕ ያለው ሰው፣ በካርትሪጁና በፕሪአምፑ መካከል 1 ለ 10 የሆነ፣ ማለትም ቮልቴጁን 10 እጥፍ የሚያሳድግ ስቴፕ-አፕ ትራንስፎርመር ያስገባ። ትራንስፎርመሩ 20 ዴሲቤል ይጨምርለታል፤ የፕሪአምፑን 47,000 ኦምም ለካርትሪጁ 470 ኦም አድርጎ ያቀርብለታል፤ ይህም ለዲኤል-103 ይስማማል።