የርዕሳነ መምህራንና የወረዳ ትምህርት አመራሮች ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ

ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በምህጻሩ «ተሙማ» ነው፤ በመምህራን ክፍል ውስጥ ግን «ሲፒዲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ምህጻሩ ይበልጥ ይሰማል። በኢትዮጵያ መምህራንም ሆኑ የትምህርት አመራሮች በሥራ ላይ እያሉ በየዓመቱ እንዲሳተፉበት የሚጠበቅ የሙያ ትምህርትና ልምምድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ማዕቀፍ ዝቅተኛው መጠን በዓመት 60 ሰዓት ሆኖ ተቀምጧል። የማዕቀፉ ርዕስ ራሱ ከመምህራን ጎን አመራሮችንና ሱፐርቫይዘሮችን ይጠራል። በተግባር ግን ርዕሰ መምህሩ የሌሎችን ሰዓት ቆጣሪ፣ የሌሎችን ፎርም ፈራሚ ሆኖ ይቀርና የራሱ 60 ሰዓት የት እንደገባ ጠያቂ ያጣል።

ማዕቀፉ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንዱ ሁሉም በየዓመቱ የሚያደርገው ዕውቀትንና አሠራርን የማደስ ሥራ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ደረጃን ማሳደግ ነው፤ ለምሳሌ ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች በዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የሚሰጠው የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ። በክረምት ኮርስ የወሰደ ሰው «የዘንድሮውን ጨርሻለሁ» ብሎ የዓመቱን ዕቅድ ሲተወው ማየት የተለመደ ነው። ኮርሱ ስለ አመራር ያስተምራል፤ የዚያን ትምህርት ቤት ችግር ግን አይነካም።

ሥራው በአራት ደረጃ ይዞራል፦ መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም። አብዛኛው የሚበላሸው ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ትንተናው የሚነሳው ከትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም አራት ርዕሰ ጉዳዮች ነው፤ እነሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። በ26 ስታንዳርዶች የሚለካውና ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመድበው የኢንስፔክሽን ሪፖርትም ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ካልጠጣ። «የመማር ማስተማር ሂደቱን ማጠናከር» ብሎ የሚጻፍ ዕቅድ ዓመቱን ሙሉ ማንንም አያስቸግርም፤ ሰኔ ላይ ተሳካ ወይስ አልተሳካም ብሎ የሚከራከር አይኖርምና። «የ3ኛ ክፍል መምህራንን በወር ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቼ አይቼ በቃልና በጽሑፍ ግብረ መልስ መስጠት» የሚል ዕቅድ ግን መቼ፣ ለማን፣ ስንት ጊዜ የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ለአንድ ርዕሰ መምህር በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ትኩረት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀት ማብዛት ነው።

60 ሰዓት ሲሰሙት ብዙ አይመስልም፣ ሲያሰሉት ግን ቀላል አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰዓት የሚሰበሰብ ቡድን በ36 የትምህርት ሳምንታት የሚደርሰው 36 ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ ስብሰባ ብቻውን አይሞላውም። ርዕሰ መምህሩ ስድስት መምህራንን ሁለት ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቶ ቢያይ፣ ለእያንዳንዱ የ10 ደቂቃ ቅድመ ውይይት፣ የ40 ደቂቃ ምልከታና የ20 ደቂቃ ድኅረ ውይይት ቢመድብ፣ 14 ሰዓት ይሆናል። በጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት ማዕከል፣ ከሌሎች ርዕሳነ መምህራን ጋር ስምንት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢገናኝ 16። ለራስ ግምገማ 4፣ ለዕቅድ 4፣ ለንባብ 10፣ ለበጀትና ለንብረት አያያዝ ልምምድ 6፣ ለማጠቃለያ ግምገማ 6 ሰዓት ሲጨመር፣ ያ የቡድን ስብሰባ ሳይቆጠር፣ ድምሩ 60 ይመጣል። ይህ አንድ አከፋፈል ነው እንጂ መመሪያ አይደለም፤ ሩብ ያህሉ ክፍል ውስጥና ከመምህር ጋር ካልዋለ ግን ነገሩ ከወንበር አልተነሳም ማለት ነው።

ምልከታው ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ከብዙ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የተሙማ ሥራ ከሚሰነድበት የግል ማኅደር፣ ውስጥ የሚገኘው አስተያየት «ጥሩ ነው፣ ይበርታ» የሚል ነው፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም። መምህሩ ከዚህ የሚወስደው የለም፣ ርዕሰ መምህሩም ምንም አልተማረም። ጠቃሚው ማስታወሻ የሚመስለው እንዲህ ነው፦ «ከ40 ደቂቃው 27ቱን መምህሩ ተናግሯል፤ ከ52 ተማሪዎች የመለሱት 4 ናቸው፤ አራቱም የፊት ወንበር ላይ ያሉ»። ይህን የያዘ ሰው በድኅረ ውይይቱ ፍርድ መስጠት አያስፈልገውም፤ ቁጥሩን አስቀምጦ «የኋላዎቹን እንዴት እናምጣቸው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ቅድመ ውይይቱ የተዘለለ እንደሆነ ግን መምህሩ የመጣበትን ሰው ለክስ እንደመጣ ነው የሚያየው፣ ለዚያ ቀን ብቻ የተዘጋጀ የማሳያ ክፍለ ጊዜም ያሳየዋል።

ለርዕሳነ መምህራን በወጣው ብሔራዊ የሙያ ደረጃ ሥራቸው በሦስት ይከፈላል፦ የትምህርት ቤት ራዕይና የማኅበረሰብ አመራር፣ የመማር ማስተማር አመራርና አስተዳደራዊ አመራር። ዕቅዱን ከእነዚህ ጋር ማያያዝ ይመከራል፤ ያለዚያ ሰዓቱ ሁሉ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ፋይናንስና ንብረት፣ ይጎተታል። ኦዲት ስለሚያስፈራ ሊሆን ይችላል።

የርዕሰ መምህሩን ሰዓት ማን ይፈርማል የሚለው ቀላል ይመስላል፣ ግን እዚህ ላይ ብዙ ይላላል። ራሱ አመቻች፣ ራሱ ተሳታፊ፣ ራሱ ፈራሚ ከሆነ ፖርትፎሊዮው ሰኔ የመጨረሻ ሳምንት በአንድ ቁጭታ ይሞላል፤ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶና በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ የተጻፉ የአሥር ወር ማስታወሻዎች ለሚያገላብጥ ሰው ወዲያው ይታያሉ። የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር በየሩብ ዓመቱ አንድ ጊዜ ፖርትፎሊዮውን አይቶ ቀን እየጻፈ ቢፈርም ይህ ይቀንሳል። ሱፐርቫይዘሩ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶችን ይዞ፣ አንዳንዱን በእግር፣ የሚዞር ነው፤ የትራንስፖርትና የውሎ አበል በጀት ካልተያዘለት ጉብኝቱ በስልክ ይሆናል።

ወረዳ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይሳሳል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ሥልጠና የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ አዲስ መመሪያ ሲመጣ በሁለትና ሦስት ቀን ኦሪየንቴሽን ነው። የሚጎድላቸው ሌላ ነው፦ የትምህርት ቤቶችን መረጃ ማንበብ፣ መምህራንን በፍላጎት መደልደል፣ የመጽሐፍ ሥርጭት መከታተል። አንድ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተርፎት መጋዘን ሲቆልፍ ጎረቤቱ አንድ መጽሐፍ ለአራት ልጅ ካካፈለ፣ ለባለሙያው የሚጠቅመው ሥልጠና ያንን ሠንጠረዥ ፊቱ ዘርግቶ በግማሽ ቀን የማዘዋወሪያ ዕቅድ ማውጣት ነው። በወረዳው እውነተኛ ቁጥር የሚሠራ ሥልጠና ዝግጅቱ አድካሚ ነው፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ስላይድ ማንበብ ስለሚቀል ብዙዎች ወደዚያ ይሄዳሉ።

ሌላው እንቅፋት ዝውውር ነው። ርዕሰ መምህር በዓመቱ መካከል ሲቀየር ፖርትፎሊዮውን ይዞ ይሄዳል፤ የግሉ ስለሆነም ትክክል ነው። የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ የተሙማ ዕቅድና የምልከታ ማስታወሻዎች ቅጂ ግን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መቅረት አለበት። ካልቀረ መጪው ሰው ከመስከረም ይጀምራል፣ መምህራኑም ያንኑ የፍላጎት መጠይቅ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላሉ። በርክክብ ሰነዱ ላይ ከቁልፍና ከማኅተም ቀጥሎ «የተሙማ ፋይል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይህን ያስቀራል።