የማፊያ ፍቅር የምታነብ ሴት ማፊያ አትፈልግም

መጽሐፍ ማከራየት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ድሮ የሚጠየቀው የፍቅር ልቦለድ የሐኪምና የነርስ፣ የሀብታምና የደሃ ነበር። አሁን በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ሴቶች የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። ሰውዬው የማፊያ አለቃ ነው፣ ወይ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ወይ ልጅቷን ጠልፎ ቤት የዘጋባት ነው። ዳርክ ሮማንስ ይሉታል። መጽሐፉን ይዘው ሲወጡ ሱቄ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አስተያየት አለው። በየሳምንቱ ያው አስተያየት ነው። ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ይሄ ቲክቶክ ያመጣው ጉድ ነው።»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1740 በወጣው የሳሙኤል ሪቻርድሰን «ፓሜላ» ውስጥ አንድ ባለጸጋ ገረዱን አስጠልፎ ይዘጋባታል። መጨረሻ ላይ ያገባታል። መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር እንደ ጉድ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው «ዘ ሼክ» የሚባል ልቦለድ ደግሞ በረሃ ላይ ሴት ስለሚጠልፍ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፊልም ሆነ፤ ሰውዬውን ሆኖ የተወነው የዘመኑ ዝነኛ ተዋናይ ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ነው። ያኔ ቲክቶክ የት ነበር?

«የሚያነቡት ያልተማሩና ሥራ ፈቶች ናቸው።»

ከደንበኞቼ ውስጥ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለች፣ ጠበቃ አለች። በቃ።

«ስቶክሆልም ሲንድረም ይዟቸው ነው።»

የታገተ ሰው አጋቹን ሲወድ ነው እንዲህ የሚባለው። ቃሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ውስጥ አራት የባንክ ሠራተኞች ለስድስት ቀን ከታገቱበት ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በሚሠሩበት የምርመራ መመሪያ ውስጥ እንደ ሕመም አልተመዘገበም። ደግሞም ስለታገተ ሰው ነው። ሶፋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ የምታነበውን ሴት ማን አገታት?

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

«እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የምትወድ ሴት በልቧ እንዲህ ዓይነት ወንድ ትፈልጋለች።»

ይሄን የሚለኝ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ አያውቅም። ቢከፍተው የብዙዎቹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ያገኝ ነበር። ጠለፋ አለበት፣ ድብደባ አለበት፣ እንዲህና እንዲያ አለበት ይላል። ነርሷ ደንበኛዬ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የምትጀምረው። ጣቷን መስመር በመስመር እያስኬደች ታነባለች። ሕፃን የሚጎዳበት ከሆነ ትመልሰዋለች። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ትገልጣለች። አብረው ናቸው? ልጅቷ በሕይወት አለች? አዎ ከሆነ ሒሳብ ትከፍላለች። «እትዬ፣ ሌሊት ሙሉ ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ማን እንደሚተርፍ አላውቅም፤ እዚህ ግን አውቃለሁ» ብላኛለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ መጻሕፍት አንዱን ምዕራፍ በሴቷ፣ ቀጣዩን በወንዱ አፍ ይተርካሉ። ሰውዬው ገና ሲያስፈራራት አንባቢዋ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብታለች። እንደወደዳት፣ እንደማይገድላት ከልጅቷ ቀድማ አውቃለች። ፍርሃቱን የምትቀምሰው ማርከሻውን በእጇ ይዛ ነው። ሲበዛባት መጽሐፉን ትዘጋዋለች። እውነተኛ ጠላፊ ምዕራፍ የለውም። ምን እንደሚያስብ ማንም አይነግርሽም፤ በሩንም የምትዘጊው አንቺ አይደለሽም።

እውነተኛው ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልግ የጣሊያኗ ሲሲሊ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ፣ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ከቤቷ ተጠለፈች። ጠላፊው የማፊያ ዘመድ ያለው የቀድሞ እጮኛዋ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ፖሊስ አስለቀቃት። በዚያን ጊዜ በጣሊያን ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ካገባ ክሱ ይቀር ነበር። እሷ አላገባውም አለች። ቤተሰቧ ብዙ ዛቻ ደረሰበት፣ የወይን እርሻቸው ተቃጠለ። እሷ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም፤ ሰውዬውም ታሰረ። ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እኛም ብንሆን ነገሩን ከሩቅ የምናየው አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድንም ያለው። እናቶቻችን ውስጥ ይህን በገላዋ የምታውቅ አለች። ስለዚህ «ሴት ጠለፋ ትወዳለች» የሚል ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ደሜ ይፈላል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባንክ የምትሠራዋ ደንበኛዬ ማፊያ ነክ መጽሐፍ ሠላሳ ያህል አንብባለች። አንድ የመሥሪያ ቤቷ ልጅ ምን እንደምታነብ አየና የገባው መሰለው። ሦስት ቀን በተከታታይ ማታ ማታ ታክሲ መያዣው ጋ ጠበቃት። የስልክ ቁጥሯን ከሌላ ሰው ወስዶ የት እንደዋለች ይጽፍላት ጀመር። ተው ስትለው «የምትወጂው እንዲህ ዓይነቱን አይደል?» አላት። አራተኛው ቀን ሱቄ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። ቦርሳዋ ውስጥ ሴት ስለሚከታተል ወንድ የሚተርክ መጽሐፍ አለ፣ ያውም ግማሹ የተነበበ። «እትዬ፣ እስኪሄድ ልቀመጥ» አለችኝ። መጋረጃውን ዘጋሁላት። አንድ ሰዓት ሙሉ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ወንድሞቼ፣ ሴት ልጅ ምን እንደምትፈልግ ከመጽሐፏ ሽፋን አትማሩ። ጠይቋት። አይሆንም ካለች አይሆንም ነው።

«እንግዲያው መጽሐፍ ነው፣ ለማንም ይሆናል።»

ይሄም ስሕተት ነው፤ የሚሉት ደግሞ የእኔው ደንበኞች ናቸው። እነዚህ የአዋቂ መጻሕፍት ናቸው። ነርሷ የልቦለዱንና የእውነቱን ልዩነት የምታውቀው ሠላሳ አራት ዓመት ስለኖረች ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ፍቅር ምን እንደሆነ ገና እየተማረች ነው፤ ቅናትና ቁጥጥርን እንደ ፍቅር ምልክት ልትይዘው ትችላለች። እናቶች፣ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ በልጃችሁ ስልክ ላይ ካገኛችሁ አትጩኹ። ከጮኻችሁ ትደብቀዋለች እንጂ አትተወውም። አጠገቧ ቁጭ በሉና «ይሄ ሰውዬ እውነት ሰፈራችን ቢኖር ምን ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ከዚያ አዳምጡ።

እኔ በበኩሌ የማስጠንቀቂያውን ገጽ በአማርኛ እየጻፍኩ ሽፋኑ ውስጥ እለጥፋለሁ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ አላከራይም፤ እናቷ ይዛት ብትመጣም።