የኋላ ጎማ አላይመንት እና የመኪና መንገድ አያያዝ

የኋላ ጎማ አላይመንት ማለት የመኪና የኋላ ጎማዎች ከመኪናው የመሃል መስመር፣ ከመሬቱና እርስ በርሳቸው ያላቸውን አንግል ለመኪናው በተወሰነው ልክ ማስቀመጥ ነው። የኋላ ጎማዎች ከመሪው ጋር ባይገናኙም መኪናውን ይመራሉ፤ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ጎን የዞረ የኋላ ጎማ የመኪናውን ጀርባ ይዞ ወደዚያው ስለሚሄድ፣ አሽከርካሪው መሪው ላይ ከሚሰማው ነገር ብዙው መነሻው ከኋላ ነው። ይህም ሆኖ አላይመንት ሲባል ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብቻ አስተካክሎ ሥራውን እንዳለቀ መቁጠር የተለመደ ነው።

ከኋላ አንግሎች ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ቶ ነው። ከላይ ቁልቁል ሲታዩ የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዞች ከኋላ ጠርዞቻቸው ይልቅ ከተቀራረቡ ቶ ኢን፣ ከተራራቁ ቶ አውት ይባላል። ልዩነቱ በዓይን አይለይም፤ ዲያሜትሩ 600 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ 0.1 ዲግሪ ማለት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ማለት ነው። አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከኋላ መጠነኛ ቶ ኢን ይሰጣቸዋል። ምክንያቱ ኩርባ ላይ ይታያል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኙ ጎማ ይሸጋገራል፤ ያ ጎማ ቶ ኢን ካለው አስቀድሞ ወደ ኩርባው ውስጥ ያነጣጠረ በመሆኑ የጎን ኃይሉን ቶሎ ያመነጫል፣ የመኪናውም ጀርባ ረግቶ ፊቱን ይከተላል። ቶ አውት ከሆነ ግን ሸክሙን የተቀበለው ጎማ ወደ ውጭ ያመለክታልና ጀርባው ከፊቱ ቀድሞ ለመውጣት ይዳዳዋል፤ ኦቨርስቲር የሚባለውም ይኸው ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይም ቢሆን የጎን ነፋስ ወይም የአስፋልት ጉድጓድ ሸክሙን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ባዛወረው ቁጥር ቶ አውት ያለው መኪና ይቅበዘበዛል። የፊት ጎማ ነጂ መኪና የሚወዳደሩ ሰዎች መኪናው ቶሎ እንዲታጠፍላቸው ሆን ብለው ከኋላ ጥቂት ቶ አውት ይሰጣሉ፤ ለተዘጋ መወዳደሪያ ቦታ ያዋጣ ይሆናል፣ ዝናብ በመታው አውራ ጎዳና ላይ ግን ፈጽሞ የሚመከር አይደለም።

ቶ ኢንም ሲበዛ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ጎማ ከሚሄድበት አቅጣጫ በ0.25 ዲግሪ ዞሮ ከቆመ፣ በሚያመለክትበትና በሚሄድበት መስመር መካከል ያለው ልዩነት ተደምሮ በየኪሎ ሜትሩ 4.4 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ያን ሁሉ የሚከፍለው ላስቲኩ ነው። ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ማንሸራተት ይበቃል፤ በአንደኛው አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላኛው ስለታም ሆኖ ከተሰማ የቶ ስሕተት መኖሩ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል።

ካምበር ደግሞ ጎማው ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ ያለው ዘንበል ማለት ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ኔጋቲቭ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ ይባላል። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ሸክም የተሸከመው ጎማ በውጭ ጠርዙ የመቆም ዝንባሌ ስላለው፣ አስቀድሞ የተሰጠው 1 ዲግሪ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ኔጋቲቭ ካምበር በዚያች ቅጽበት ጎማውን መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲያርፍ ያደርገዋል። ሲበዛ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ብቻ ይበላል፤ ይህም ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ስለማይታይ፣ ሌላው ጥርስ ገና አዲስ መስሎ ሳለ ከውስጥ በኩል ሽቦው የወጣ ጎማ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ የግራና የቀኝ ቶ እኩል አለመሆን የሚፈጥረው የግፊት አንግል ነው። የግራው የኋላ ጎማ 0.30፣ የቀኙ 0.10 ዲግሪ ቶ ኢን ቢኖራቸው፣ የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም 0.10 ዲግሪ፣ የኋላ ጎማዎቹ በጋራ ወደ ቀኝ የሚያመለክቱበት አንግል ይሆናል። ጀርባው ወደ ቀኝ ሲሄድ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል፤ አሽከርካሪውም ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ መቆየት ግድ ይሆንበታል። አንግሉ ከፍ ሲል መኪናው በሰያፍ ይጓዛል፣ ከኋላ የሚከተል ሰውም የመኪናውን አንድ ጎን ማየት ይጀምራል። እንዲህ ያለውን መኪና ከፊት በኩል ብቻ አስተካክሎ መሪውን ማቃናት አይቻልም። ስለዚህ የአራት ጎማ አላይመንት ሁልጊዜ ከኋላ ይጀምራል፤ የፊቶቹ የሚለኩት የኋላዎቹ ከሚያመለክቱበት መስመር አንጻር ነው።

ማስተካከያው የሚቻለው ግን አሠራሩ ሲፈቅድ ነው። ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ወጥ አክስል ባላቸው እንደ ሃይሉክስና ሃይስ ባሉ መኪናዎች ቶና ካምበር ከአክስሉ ጋር አብረው የተሠሩ ናቸው። ቢሆንም የባሌስትራው የመሃል ቡሎን ከተቆረጠ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ሸሽቶ ትልቅ የግፊት አንግል ይፈጥራል። በቪትዝ ዓይነቶቹ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ቢም ማስተካከያ የለውም፤ ከተጣመመ መቀየር ወይም በቢሙና ጎማው በሚታሰርበት ማዕከል መካከል ሺም የሚባል ስስ ሽብልቅ ማስገባት ነው። ራሱን የቻለ የኋላ ሳስፔንሽን ባላቸው፣ ማለትም እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው በሚንቀሳቀስባቸው መኪናዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ኮሮላዎች፣ ከክንዶቹ አንዱ መሃል ቀዳዳው በዘነበለ ካም ቡሎን ስለሚታሰር፣ ዳዶውን አላልቶ ቡሎኑን በማዞር ቶ ይስተካከላል። ቡሎኑ በዝገት ከተነከሰ ወይም የክንዱ ጎሚኒ ካለቀ ግን ማሽኑ ላይ የተነበበው ቁጥር መኪናው ከጋራዡ በር ሲወጣ ይለወጣል።

ቆሞ የተለካ አንግል እየተነዳም እንዳለ አይቆይም። በአገራችን ለብዙ ዘመን የተወደደው ቮልስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች የኋላ አክስሉ የሚታጠፈው ከካምቢዮው ጎን ባለ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች በሄደ ቁጥር ካምበሩ እጅግ ይለዋወጣል። አሽከርካሪው ኩርባ መሃል እግሩን ከነዳጅ በድንገት ሲያነሣ ጀርባው ከፍ ይላል፣ ጎማው ወደ ሥር ይታጠፋል፣ ጀርባው መሬት መያዙን ይለቃል። እ.ኤ.አ. የ1960 ሞዴል ሆኖ የቀረበው አሜሪካዊው ሼቭሮሌት ኮርቬር ተመሳሳይ አሠራር ነበረው፤ ፋብሪካው ጀርባው እንዳይወጣ የመረጠው መፍትሔ የፊት ጎማዎችን በ15፣ የኋላዎቹን በ26 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ማስነፋት ነበር። የመኪናን ደኅንነት ነዳጅ ቀጂው ትክክለኛውን ቁጥር በማስታወሱ ላይ ማንጠልጠል ደካማ መፍትሔ ነው፤ ኩባንያው በ1965 ሞዴል የኋላውን አሠራር ሙሉ በሙሉ ለወጠው።

በኋላ የመጡ መሐንዲሶች ይህንኑ ለውጥ ለጥቅም ማዋል ጀመሩ። በ1977 የቀረበው ፖርሽ 928 ቫይሳክ በተባለው አክስሉ፣ አሽከርካሪው ነዳጅ ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው ወደ ቶ አውት በመሄድ ፋንታ ወደ ቶ ኢን እንዲዞር ተደርጎ ተሠራ። መርሴዲስ ቤንዝ ደግሞ በ1982 ባወጣው 190 ላይ እያንዳንዱን የኋላ ጎማ በአምስት ክንዶች በመያዝ የአንግሎቹን ለውጥ በቅርብ ተቆጣጠረ።

ዘመናዊ ማሽን በሌለበት የኋላ ቶ በሲባጎም ይለካል። በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በጎማው መሃል ከፍታ፣ ከመኪናው መሃል መስመር ጋር ትይዩ የሆኑ ሁለት ሲባጎዎች ይወጠራሉ፤ ከዚያ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዙ ያለው ርቀት ለየብቻ ይለካል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የስፋት ልዩነት መኖሩ ግን አይዘነጋም፦ ፊቱ 1,460፣ ኋላው 1,440 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሲባጎው ከኋላው ማዕከል በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር ይበልጥ መራቅ አለበት። የመረጋጋት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም መኪናው እንዳይንሸራተት በኮምፒውተር ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት፣ በተገጠመላቸው መኪናዎች ከማስተካከያው በኋላ የመሪ አንግል ሴንሰሩ ዜሮ መነሻ እንደገና መሰጠት ሊኖርበት ይችላል፤ ያለዚያ ኮምፒውተሩ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ እንደታጠፈ ቆጥሮ ያለ ምክንያት ፍሬን ሊይዝ ይችላል።