«ፎርማት አድርግልኝ» እና ሌሎች የብሮውዘር ተረቶች

ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ከከፈታችሁ፣ ከ«እንደምን አደርክ» ቀጥሎ የምትሰሙት «ፎርማት አድርግልኝ» የሚለውን ነው። አንዳንዱ እንደምን አደርክንም ይዘላታል። ምን ሆኖ ነው ስትሉት «ክሮም ስከፍት ስታክ ያደርጋል፤ ራሙን ጨርሶ በላው» ይላል። በሽታውንም መድኃኒቱንም ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው።

ራም (ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) ሲሞላ ኮምፒውተር መንቀራፈፉ እውነት ነው። እንደ ክሮም ያለ ብሮውዘር (ኢንተርኔት መክፈቻ) ብዙ ራም መያዙም እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው የሰፈር ወሬ ነው። ለፒያሳውም፣ ከአዘዞ ለሚመጣውም ያንኑ እየደጋገምኩ ጉሮሮዬ ስለደረቀ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«ፎርማት ካልተደረገ አይድንም»

ይህ እምነት ከመሬት አልተነሳም። ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውሱ አዲስ ይሆናል። ክሮም እንደገና ይጫናል። ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም) የለበትም፣ የተከፈተ ታብ የለም፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም የለም። እንዴት አይፈጥን? ባለቤቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሮት «አሁን ገና ኮምፒውተር ሆነ!» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል።

ቤቱ ሲገባ ምን ያደርጋል? ጂሜይሉን አስገብቶ ሲንክ ያበራል። ክሮም የድሮውን ሁሉ ከአካውንቱ ላይ ያወርድለታል። ቡክማርኩን፣ ፓስወርዱን፣ ኤክስቴንሽኖቹንም ጭምር። ያ ራም ሲበላ የነበረ ኤክስቴንሽን ማንም ሳይጠራው ተመልሶ ቤቱን ይይዛል። ገጾቹን ደግሞ ሰውየው ራሱ አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል። ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ይጠራል፤ «ያ ነገር መልሶ ጀመረው።»

አምና ተመራቂዎች ጽሑፍ ለማስረከብ በሚራወጡበት ሰሞን ከማራኪ አንድ ተማሪ መጣ። ላፕቶፑ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎለታል። በሁለተኛው፣ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠው የጥናቱ መጠይቅ መረጃ አብሮ ተጠርጓል። እኔ ዘንድ የመጣው ለሦስተኛው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ክሮምን ከፍቼ ሽፍትን ይዤ ኢስኬፕን ተጫንኩ። የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ብቅ አለ። ይሄ ከዊንዶውሱ የተለየ ነው። እያንዳንዱን ታብና ኤክስቴንሽን በስሙ ይዘረዝራል፤ ከጎኑ ምን ያህል ራም እንደያዘ ይጽፋል። «ሚሞሪ ፉትፕሪንት» የሚለውን ርዕስ ጠቅ ስታደርጉት ከባድ ከባዱ ወደ ላይ ይወጣል። አናት ላይ የወጣው ልጁ የጠረጠረው የጉግል ዶክስ ገጽ አልነበረም። ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ኤክስቴንሽን ነው። ድሮ ለአንዲት ፋይል ብሎ ጭኖት ረስቶታል። ከሱ ቀጥሎ የኳስ ውጤት የሚያሳይ ገጽ ነበር፤ ማስታወቂያው ሁሉ በቪዲዮ የሚንቀሳቀስ።

«ይሄን መቼ ነው የከፈትከው?»

«እኔንጃ... ከእሁድ ጀምሮ ይሆናል።»

ቀኑ ሐሙስ ነው። ኤክስቴንሽኑን አስወገድን፣ ገጹን ዘጋን፣ ላፕቶፑ ተነፈሰ። ልጁ ለፎርማት የያዘውን ብር ኪሱ ከቶ ሄደ። የጠፋው መረጃ ግን በዚያው ጠፍቶ ቀረ። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። አስር ሴኮንድ የማይፈጅ ምርመራ ሳይደረግ የሰው ድካም ይጠረጋል።

ስለዚህ ወደ ማንም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሽፍትና ኢስኬፕ። በኤጅም ይሰራል፣ በአዲሶቹ ፋየርፎክሶችም ይሰራል። የከበደውን ገጽ ምረጡና እዚያው «ኤንድ ፕሮሰስ» በሉት። ኤክስቴንሽን ከሆነ ከኤክስቴንሽን ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ «ሪሙቭ» አድርጉት። ሲንክ ካበራችሁ ከአካውንታችሁም ይወጣል። ማጥፋት ካሳሳችሁ ለጊዜው ማቆምም ይቻላል።

ፎርማት ጭራሽ አያስፈልግም አልልም። አልነቀል ያለ ቫይረስ ካለ፣ ወይም የዊንዶውሱ ፋይል ከተበላሸ ያስፈልጋል። ሌላም አለ። አንዳንድ ሰፈር ውስጥ የሚጫነው ዊንዶውስ አሁንም ባለ 32 ቢት ነው። እሱ ደግሞ 8 ጊጋ ራም ብትሰኩበትም የሚጠቀመው ከ4 ጊጋ በታች ነው። ከ32 ወደ 64 ቢት ለመሻገር ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ከመጫን ሌላ መንገድ የለም። ግድ ከሆነ ታዲያ መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ። በቴሌግራም ዴስክቶፕ ያወረዳችሁት ሁሉ፣ ቦታውን ካልቀየራችሁት በቀር፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ነው ያለው። ዳውንሎድስ ደግሞ ሲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ነው፤ ሲ ደግሞ የሚጠረገው ነው። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብቻ ብሎ የሚያጽናናችሁን ሰው አትመኑ።

«ታስክ ማናጀር ላይ ክሮም ሃያ ጊዜ ተጽፏል፤ ቫይረስ ነው»

ቫይረስ አይደለም። አሠራሩ ነው። ክሮም በመስከረም 2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሲወጣ ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር፣ ገጾችን በተለያየ ፕሮሰስ (ለብቻው በሚሮጥ የፕሮግራሙ ክፍል) ማስኬድ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ሲበላሽ ብሮውዘሩ በሙሉ ይዘጋ ነበር። አሁን አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል። ዋጋው ራም ነው።

በጥር 2018 ደግሞ ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉ የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። አንድ ተንኮለኛ ገጽ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያለን የሌላ ገጽ መረጃ ሊያነብ እንደሚችል ታወቀ። ጉግል በዚያው ዓመት የተለያዩ ድረ ገጾች አንድ ፕሮሰስ እንዳይጋሩ አደረገ። ይህ የራም ፍጆታውን ከ10 እስከ 13 በመቶ እንደሚጨምር ራሱ ጉግል ያኔውኑ ተናግሯል። ፋየርፎክስም በ2021 ተከተለው። ስለዚህ ያ ሃያ ጊዜ የተጻፈው ክሮም፣ የባንካችሁን ገጽ ከማታውቁት የውርርድ ማስታወቂያ የሚለይ ግድግዳ ነው። ከዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ላይ በጅምላ እየገደላችሁ ከዚያ «ገጹ ተበላሸ» አትበሉኝ።

«ክሮምን አጥፋና ሌላ ጫንልኝ»

የቱን? ኤጅ ከ2020 ጀምሮ የተሠራው ክሮም በተሠራበት በክሮሚየም ነው። ኦፔራም እንዲሁ፣ ብሬቭም እንዲሁ። ልዩነት የለም አልልም። ብሬቭ ማስታወቂያ ስለሚከለክል አንዳንድ ገጽ ላይ ቀለል ይላል። ፋየርፎክስ የራሱ ሞተር አለው። ግን ያንኑ ሰላሳ ገጽ ያንኑ ኤክስቴንሽን ይዛችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ብትጋዙ የሚቀየረው ምልክቱ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ክሮምንም ኤጅንም ኦፔራንም ባንዴ ከፍቶ የሚሠራው ነው። ሁሉም ለየራሱ ራም ይይዛል።

«ፊልሞቹን አጠፋኋቸው፤ አሁንም ያው ነው»

ያው መሆን ነበረበት። ፊልሙና የሠርግ ቪዲዮው ያለው ሀርድ ዲስክ ላይ ነው። ብሮውዘሩ የሚሻማው ራም ላይ ነው። ጎተራውን ባዶ ብታደርጉት ማዕዱ አይሰፋም። ሲ ጢም ብሎ ዊንዶውሱ መላወሻ ካጣ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ቦታ መልቀቁ ይጠቅማል። ዲ ላይ ያለውን የልጃችሁን የክርስትና ቪዲዮ ማጥፋት ግን ለክሮም ምንም አይፈይድለትም።

«ሂስትሪና ካሽ በየቀኑ አጠፋለሁ»

ካሽ ማለት ብሮውዘሩ ከጎበኛችኋቸው ገጾች ቀድቶ የሚያስቀምጠው ነው፤ በዋናነት ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ሲጠፋ ብሮውዘሩ ምስሉንም ሎጎውንም እንደገና ከኢንተርኔት ያወርዳል። በገዛ እጃችሁ ፓኬጃችሁን እያቃጠላችሁ ነው። ገጽ ተበላሽቶ ካልታየ በቀር አትንኩት።

«ኢንኮግኒቶ ይቀለኛል»

ኢንኮግኒቶ ሂስትሪ የማይመዘገብበት መስኮት ነው። የቀለላችሁ እዚያ፣ ካልፈቀዳችሁለት በቀር፣ ኤክስቴንሽን ስለማይሰራ ነው፤ መልሱን ራሳችሁ አገኛችሁት።

«ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም ጭኛለሁ»

ጫናችሁትና አንድ ተጨማሪ በላተኛ አመጣችሁ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ራም ላይ ያለውን በግድ ወደ ዲስክ መግፋት ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ፣ ደስ ይላል። ወዲያው ወደ ገጹ ስትመለሱ ግን ዊንዶውስ የተገፋውን ከዲስክ መልሶ ያመጣል። የዲስኳ መብራት ትንቀለቀላለች፣ ማውሱ ይደርቃል። ደግሞ ራም 70 በመቶ ተይዟል ማለት በራሱ በሽታ አይደለም። ባዶ የተቀመጠ ራም ለማንም አይሠራም። መጨነቅ ያለባችሁ ቁጥሩ 90ዎቹ ውስጥ ገብቶ ዲስኩም አብሮ 100 በመቶ ሲል ነው።

«ኔትወርኩ ነው እንጂ ኮምፒውተሩማ ደህና ነው»

ወርድ ከፍታችሁ ጻፉ። ፊደሉ እየዘገየ ከመጣ ኔትወርክ አይደለም።

«ታብ ከዘጋሁ ዳታ ይበላብኛል»

ይህቺኛዋ ትንሽ እውነት አለባት። ስለዚህ አልስቅባትም።

የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። በዚያ ሰሞን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተጠርቼ ሄድኩ። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ታቡ ከመብዛቱ የተነሳ ርዕሱ አይነበብም፤ ጥቃቅን ምልክት ብቻ ተደርድሯል። የቦታ ማስያዣው ገጽ ብቻውን ስድስት ቦታ ተከፍቷል። ቴሌግራም አለ፣ ኢሜይል አለ፣ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው የተከፈተው?»

«ልጄ፣ ዘግቼው ኔትወርክ ቢጠፋስ? መብራት ቢሄድስ?»

መብራት ከሄደ የተከፈተውም አብሮ ይሄዳል። ሲመለስ ክሮም ገጾቹን መልሶ ልክፈት ቢልም ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዲገኝ የምትፈልጉት ነገር ካለ ኮንትሮልና ፒ ተጭናችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ለጋሼም የእንግዳ ዝርዝሩን እንደዚያ አደረግንላቸው። በስህተት የዘጋችሁትን ኮንትሮል፣ ሽፍትና ቲ ይመልሰዋል። ለነገ የምትፈልጉትን ቡክማርክ አድርጉ፤ ቡክማርክ ራም አይበላም ማለት ይቻላል።

መዝጋት እምቢ ካላችሁ ደግሞ ክሮም ራሱ መፍትሔ አለው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ሥር «ሚሞሪ ሴቨር»ን አብሩት። ያልነካችሁትን ታብ ከራም ያወርደዋል፤ ታቡ ግን ከቦታው አይጠፋም። ስትመለሱበት እንደገና ይጫናል። ዳታ የሚያስወጣው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትሠሩበትን ገጽ እንዳይተኛ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ድምፅ እያጫወተ ያለ፣ ፋይል እያወረደ ያለ ወይም ፎርም ተጀምሮ ያላለቀበት ገጽ እንዳይወርድም ክሮም ይጠነቀቃል። ኤጅ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ታቦችን ያስተኛል። እግረ መንገዳችሁን «ሲስተም» ከሚለው ሥር፣ ክሮም ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ መሥራት እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፉት። ብዙ ሰው ዘጋሁት ብሎ የሚያስበው ክሮም ከሰዓቱ አጠገብ ተደብቆ ይሠራል።

«ራም ጨምርበት፣ አለቀ»

ከተረቶቹ ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይሄ ነው። 4 ጊጋ ራም ይዞ ዊንዶውስ 10 ላይ ክሮምና ወርድ ባንዴ ለሚያሠራ ሰው ወደ 8 መሄድ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው። ግን ያ የፒዲኤፍ ኤክስቴንሽን ካልተነሳ የጨመራችሁትንም ይይዘዋል። መጀመሪያ አጽዱ፣ ከዚያ ግዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሚሞሪ» የሚለውን ስትነኩ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። አንዳንድ ቀጭን ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ምንም መጨመር አይቻልም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፤ ጥርሱ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ይለያያል። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ካልሆነ አይቀበልም። ሀርድ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ብሩን ከራሙ ይልቅ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ማዋልንም አስቡበት። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን የሚያስቀምጠው ዲስኩ ላይ ነው። ኤስኤስዲ እንደ ራም ባይፈጥንም ከሚሽከረከረው ግን በብዙ ይፈጥናል።

ራሙን ለመቀየር ላፕቶፑን ስትከፍቱ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ቻርጀሩንም ንቀሉ። የድሮውን ራም አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያችሁ። ስትሰኩት አልገባም ካለ አትግፉት፤ ወይ ተገልብጧል፣ ወይ የናንተ ዓይነት አይደለም።