የቆዩ ኮምፒውተሮች ቴክኒካል ሰነድ በመሃል አዲስ አበባ

ምርቱ ለቆመ ኮምፒውተር የሚፈለገው ሰነድ ሦስት ዓይነት ነው። የተጠቃሚ ማኑዋል ለጥገና እምብዛም አይረዳም፤ ሰርቪስ ማኑዋል አፈታቱንና የዕቃዎቹን ቁጥር ይሰጣል፤ ቴክኒካል ሪፈረንስ የሚባለው ደግሞ የሰርኪዩት ሥዕል አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም 5150 ሪፈረንስ የባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) ኮድ ሳይቀር አትሟል፤ እንዲህ ቸር የሆነ አምራች ግን ጥቂት ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ ቦርድ (ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ከማኑዋሉ ከተለያየ ቆይቷል። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት መሃል የሚወጣውም ቢበዛ የዶስ መማሪያ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከቦርዱ ይጀመራል። የኬዙ ስም ያሳስታል፤ ብዙዎቹ 386 እና 486 የሚባል ፕሮሰሰር ያላቸው ኮምፒውተሮች ገጣጣሚዎች የታይዋን ማዘርቦርድ ይጠቀሙ ነበርና። በካርድ ማስገቢያዎቹ መካከል በነጭ የታተመውን ሞዴልና የሪቪዥን (የእትም) ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ ራም ሲቆጥር ፖዝ (Pause) የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን ረጅም ቁጥር ቅዱ፤ የቦርዱ አምራች ከዚያ ይታወቃል።

በዚያ ቁጥር ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ይፈለጋል፤ ለትልልቅ ማሽኖች ቢትሴቨርስ የተባለው የሰነድ ድረ ገጽ፣ ለጃምፐር (ቮልቴጅን የመሰለ ምርጫ የሚደረግባት ትንሽ ማገናኛ) አቀማመጥ ቶታል ሃርድዌር 99 የተባለው ስብስብ ይሻላሉ። ዲጂታል የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ኮምፓክ፣ ኮምፓክን እ.ኤ.አ. በ2002 ኤችፒ ስለጠቀለሉ የዲጂታልን ማሽን በሦስቱም ስም መሞከር ነው። ተጣጥፎ የነበረ ሥዕል ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ስካን ይደረጋል፤ አራት ኪሎ ወስዳችሁ በኤ3 ከማሳተማችሁ በፊት ጠርዙ መግጠሙን፣ 6 እና 8 መለየታቸውን አጉልታችሁ እዩ።

ሰነዱ ተገኘ ተብሎ ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰካም። ከአሜሪካ የመጣ ፓወር ሰፕላይ የቮልቴጅ መምረጫው 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ቮልቴጁን ስለሚያጥፍ ዋናዎቹ ካፓሲተሮች ይፈነዳሉ። መምረጫ ከሌለውና ጀርባው ላይ 120 ብቻ ከተጻፈ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የኤቲ (የቀድሞው የማዘርቦርድ ዓይነት) ቦርድ ሁለቱ የፓወር መሰኪያዎች ሲገቡ ጥቁር ሽቦዎቹ መሃል ላይ ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ ከተገለበጡ ቦርዱ ይቃጠላል። በርሜል መሳይ 3.6 ቮልት ባትሪ ያለበት ቦርድ ላይ ደግሞ አስቀድማችሁ ባትሪውን ንቀሉ፤ ፈሳሹ የቦርዱን መስመር ይበላል፣ የተበላውን መስመር መልሶ ለመዘርጋት ሥዕሉ ግድ ነው።

የሪቪዥን ቁጥሩ ያልገጠመ ማኑዋል ካለመኖሩ ይብሳል። ጃምፐሩ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ 2.8 ቮልት የሚበቃው ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ ፕሮሰሰር 3.3 ከደረሰው ከመጠን በላይ ይግላል።